ከአንዲስ ወዲህና ወዲያ፦ ሁለቱን ሲልፎች ለመለየት በኢኳዶር የሚደረግ ጉዞ

ኢኳዶር በቆዳ ስፋት የኢትዮጵያን ሩብ ብታህል ነው፤ ሆኖም ከ130 የሚበልጡ የሃሚንግበርድ፣ ማለትም የአበባ ማር የምትጠጣው ትንሽ ወፍ፣ ዝርያዎች ይኖሩባታል። ይህ ማስታወሻ ከእነዚያ ሁሉ ሁለቱን ብቻ ይዞ ይጓዛል፦ ባለወይንጠጅ ጅራት ሲልፍ እና ባለረጅም ጅራት ሲልፍ። በሳይንስ ስማቸው የመጀመሪያው አግላዮሰርኩስ ሴሌስቲስ፣ ሁለተኛው አግላዮሰርኩስ ኪንጊ ይባላሉ። በዚህ ጉዞ መስመር ላይ የመጀመሪያው የአንዲስ ተራሮችን ምዕራባዊ ተዳፋት፣ ሁለተኛው ምሥራቃዊውን ይዟል። የሁለቱም ወንዶች ከገላቸው የሚረዝም ጅራት ይጎትታሉ። የሁለቱም ሴቶች ጅራታቸው አጭር፣ ሆዳቸው ቀረፋ መልክ ነው።

መጽሐፍ ላይ ጎን ለጎን ተስለው ሲታዩ መለየታቸው ቀላል ይመስላል። ጉም ወርዶ፣ ወፏ ለሦስት ሰከንድ ብቅ ብላ ስትሰወር ግን ቀለም ብቻውን አያስተማምንም። ስለዚህ ከቀለሙ በፊት መጠየቅ ያለበት ከተራራው በየትኛው ወገን እንደቆምን ነው። መንገዱም የተዘጋጀው በዚሁ መሠረት ነው፤ መጀመሪያ ምዕራቡን በደንብ ማየት፣ ከዚያ ተራራውን መሻገር፣ ከዚያ ምሥራቁን ማየት።

ሰዓቱ ሁሉ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ኪቶ የምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓት ግድም ትወጣለች፣ በ12 ሰዓት ግድም ትጠልቃለች። ወቅትን በተመለከተ ምዕራቡ ዝናብ የሚቀንስለት ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን፣ ምሥራቁ ደግሞ ከጥቅምት እስከ የካቲት ይሻላል። ሁለቱንም በአንድ ጉዞ ለሚያይ መስከረምና ጥቅምት ያስማማሉ።

ቀን 1፦ ኪቶ

አውሮፕላን ማረፊያው ታባቤላ ላይ ሲሆን ከፍታው 2,400 ሜትር ግድም ነው፤ ከአዲስ አበባ ጋር ይቀራረባል። ከተማዋ ግን 2,850 ሜትር ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው ብዙ አይቸገርም። ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣ ግን የመጀመሪያውን ቀን መሮጥ የለበትም፤ ውሃ በብዛት መጠጣት፣ አልኮል መተው፣ ቀለል ያለ እራት መብላትና በጊዜ መተኛት ይበጃል። በ5ኛው ቀን ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሚታለፍ ዛሬ የተናቀ ራስ ምታት ያን ዕለት ይብሳል።

የአገሪቱ ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የአሜሪካ ዶላር ነው። የ50 እና የ100 ዶላር ኖቶችን ትንንሽ ሱቆችና የገጠር ማረፊያዎች አይቀበሉም፤ የ1፣ የ5 እና የ10 ዶላር ኖቶች ቀድሞ መዘርዘር ያስፈልጋል።

ከሰዓት በኋላ ላ ካሮሊና መናፈሻ ውስጥ ያለው የዕፅዋት ማዕከል ለዓይን ማለማመጃ ይሆናል። እዚያ ጥቁር ጅራት ትሬንቤረር የተባለ ሌላ ባለረጅም ጅራት ሃሚንግበርድ ይገኛል። ጀማሪዎች ሲልፍ አየን የሚሉት ብዙውን ጊዜ እሱን አይተው ነው። ትሬንቤረር ደረቅና ክፍት ቦታ፣ የከተማ አጥርና የአትክልት ስፍራ ይወዳል፤ የጅራቱ ላባዎች ቀጫጭንና ጥቁር ናቸው። የሲልፍ ጅራት ላባ ግን ሰፊና ዝርግ ነው፣ በርቀትም ቢሆን ክብደት ያለው ይመስላል። ሲልፍ ከእርጥብ ደን ስለማይርቅ መሀል ኪቶ ላይ መጠበቅ የለበትም።

ባይኖኩላር ስምንት እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊሜትር የሆነ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ከሁለት ሜትር ባነሰ ርቀት ጥርት አድርጎ ማሳየቱ ነው። ማረፊያዎቹ የስኳር ውሃ ሞልተው በሚሰቅሉት መመገቢያ አጠገብ ወፎቹ ክንድ ርቀት ድረስ ይጠጋሉና ቅርቡን የማያሳይ ውድ ባይኖኩላር እዚህ ዋጋ የለውም።

ቀን 2፦ ወደ ታንዳያፓ ሸለቆ

መነሻ ከንጋቱ 11 ሰዓት። መንገዱ በካላካሊ በኩል ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወጣና ተዳፋቱን ይዞ ይወርዳል። ደረቁ ቁጥቋጦ በድንገት አብቅቶ ጉም የማይለየው ጥቅጥቅ ያለ ደን ይጀምራል። የመጀመሪያው ማረፊያ 2,200 ሜትር ግድም ላይ ያለው የቤላቪስታ የደመና ደን ነው። ባለወይንጠጅ ጅራቱ ሲልፍ እስከ 2,100 ሜትር አካባቢ ብዙ ስለሆነ፣ ከዚህ ጀምሮ ወደ ታች ያለው ሁሉ የእሱ ሰፈር ነው።

ወንዱ ከምንቃሩ እስከ ጅራቱ ጫፍ ከ18 እስከ 20 ሳንቲሜትር ይደርሳል፤ ከዚህ ግማሽ በላዩ ጅራት ነው። ክብደቱ ግን 5 ግራም ግድም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢሆን ነው። ምንቃሩ አጭርና ቀጥ ያለ ነው። አናቱ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ፣ ጉሮሮው ላይ ወይንጠጅ ነጠብጣብ፣ ጀርባው ነሐስ የነካው አረንጓዴ፣ ጅራቱ ደማቅ ወይንጠጅ ሆኖ ብርሃኑ ሲዞር ሰማያዊ ይረጫል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ይህ ቀለም ከማቅለሚያ አይመጣም። ላባው ውስጥ የተደረደሩ፣ አየር የያዙ ረቂቅ ዝርግ ቅንጣቶች ብርሃኑን በተወሰነ አቅጣጫ ስለሚመልሱት የሚፈጠር ነው። ስለዚህ ቆመው የሚያዩበት ቦታ ከተሳሳተ ያው ወፍ ጥቁር ሆኖ ይታያል። የጅራቱ ድምቀት ያለው በላይኛው ገጽ ነው፤ የታችኛው ገጽ የደበዘዘ ነው። ከሥር ሆኖ ዛፍ ላይ አንጋጦ የሚያይ ሰው ጥቁር ጅራት ብቻ ነው የሚያገኘው። መፍትሔው ከፍ ካለ በረንዳ ወይም ከገደል አፋፍ ወደ ታች ማየት፣ ፀሐይን ከጀርባ ማድረግና ወፉ ዞሮ ጀርባውን እስኪሰጥ መታገሥ ነው። ደመና የሸፈነው ሰማይ አይጎዳም፤ ብርሃኑን ከየአቅጣጫው ስለሚበትነው ቀለሙ ያለመቆራረጥ ይታያል። የሚጎዳው ከወፉ ኋላ ያለ ነጭ ሰማይ ነው።

ለፎቶ፣ ክንፉን አቁሞ ለማስቀረት ከሰከንድ 1/2000 የፈጠነ መዝጊያ ያስፈልጋል። በደመና ደን ውስጥ ለዚያ የሚበቃ ብርሃን የሚገኘው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ቅርንጫፍ ላይ ያረፈውን ግን 1/250 በቂ ነው። ከቀዝቃዛው ደን ወደ ሞቀ ክፍል ገብቶ ካሜራውን ወዲያው መክፈት ሌንሱን በላብ ይሸፍነዋል፤ ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ ሃያ ደቂቃ ክፍሉ ውስጥ ማቆየት ይገባል።

ቀን 3፦ ታንዳያፓ፣ 1,700 ሜትር፣ መመገቢያዎቹ አጠገብ

የዛሬው ሥራ ሴቷን መለየት ነው። ይህ ከጉዞው ሁሉ ከባዱ ክፍል ስለሆነ ሙሉ ቀን ይገባዋል።

ሴቷ 10 ሳንቲሜትር ግድም ናት። አናቷ ሰማያዊ ነጸብራቅ አለው። ጉሮሮዋ ነጭ ሆኖ አረንጓዴ ነጠብጣብ ይዟል፣ ከዚያ በታች ደረቷ ላይ ነጭ መቀነት ይታያል፣ መቀነቱ ሲያበቃ ቀረፋ መልክ ያለው ሆዷ ይጀምራል። የነጩና የቀረፋው ድንበር ቁርጥ ያለ ነው፤ ይህን ድንበር ዓይን ውስጥ ማስቀረት ያስፈልጋል፣ በምሥራቁ ወገን የሚነጻጸረው እሱ ነውና። ጥሩው ማያ ቦታ መመገቢያው አይደለም። መመገቢያ ላይ ወፏ ፊቷን ወደ ቀዳዳው ስለምታዞር ደረቷ አይታይም። ከመመገቢያው ሦስትና አራት ሜትር ርቆ ያለውን ቀጭን ደረቅ ቅርንጫፍ መጠበቅ ይሻላል፤ ጠጥታ የምታርፈው እዚያ ነው።

ሌላው አሳሳች ወጣቱ ወንድና ላባ የሚቀይረው ወንድ ነው። ሃሚንግበርድ አሥር የጅራት ላባ አለው፣ አምስት ጥንድ። በሲልፍ ረጅሙ የዳርና ዳሩ ጥንድ ነው። ይህ ጥንድ ሲወድቅ ወንዱ በአንድ ጊዜ ጅራተ አጭር ይሆናል፤ ወይም አንዱ ላባ ቀድሞ አድጎ ሌላው ግማሽ ላይ ሲደርስ የተሰበረ ይመስላል። የጅራት ርዝመት ብቻ አይቶ «ሌላ ዝርያ ነው» ማለት እዚህ ላይ ነው የሚያሳስተው። አናቱ አረንጓዴ ሆኖ ቀረፋ ሆድ ከሌለው ወንድ ነው።

ጅራቱ ለወንዱ ጌጥ ብቻ አይደለም፣ ዕዳም ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት አጭር ጅራት ባለው ሃሚንግበርድ ላይ ረጅም ላባ ተለጥፎ ሲለካ፣ በከፍተኛ ፍጥነት ለመብረር የሚያወጣው ጉልበት እስከ 11 በመቶ መጨመሩን አሳይቷል። ሲልፍ መመገቢያ ላይ ከሌሎች ጋር ሲጣላም ብዙውን ጊዜ ይሸነፋል። ባፍቴይልድ ኮሮኔት የተባለው ወፈር ያለ ሃሚንግበርድ አንዱን መመገቢያ ይዞ ሌላውን ሁሉ ያባርራል፤ ሲያርፍ ክንፎቹን ለአፍታ ወደ ላይ ቀጥ ስለሚያደርግ ወዲያው ይታወቃል። ሲልፍ እሱ ዞር ሲል ነው ገብቶ የሚጠጣው። ስለዚህ ሲልፍን ለማየት ኮሮኔቱ የሌለበትን፣ ከግቢው ዳር የተሰቀለውን መመገቢያ መምረጥ ነው።

ስለ ስኳር ውሃው፣ ልኩ በስፍር አንድ እጅ ነጭ ስኳር ለአራት እጅ ውሃ ነው። ቀይ ማቅለሚያ አያስፈልግም፣ መመገቢያው ራሱ ቀይ ከሆነ ይበቃል። ማር ፈጽሞ አይገባም፤ ማር በውሃ ሲቀጥን ፈንገስ ያበቅላል፣ የወፎቹንም ምላስ ይጎዳል። ቡናማ ስኳርም እንዲሁ ይቀራል። ውሃው በሞቃት ቦታ በየቀኑ፣ በቀዝቃዛ ቦታ በሁለት ቀን ይለወጣል፤ ዕቃው በፈላ ውሃና በቡሩሽ ይታጠባል። የቀዳዳዎቹ ጠርዝ ላይ ጥቁር ነጥብ ከታየ ሻጋታ ነው፤ የስኳር ውሃውን ቀይሮ ዕቃውን አለማጠብ ጉዳቱን አያቆምም። ማረፊያ ሲመርጡ ይህን ማየት የባለቤቱን ጥንቃቄ ይነግራል።

በአገራችን ደጋ የሚኖረው፣ በተከዜ ወንዝ ስም የተጠራው ሰንበርድም ወንዱ ወይንጠጅ የሚያብለጨልጭና ረዘም ያለ ጅራት ያለው ነው። ዝምድና ግን የላቸውም፤ ሃሚንግበርድ ከአሜሪካ አህጉሮች ውጭ አይገኝም። የአገራችን ሰንበርድ በአብዛኛው አበባው ላይ አርፎ ይጠጣል። ሃሚንግበርድ ክንፉን ከትከሻው ላይ አዙሮ ስለሚመታ አየር ላይ ቆሞ ይጠጣል፣ ወደ ኋላም ይበርራል። ሲልፎች ግን ሁለቱንም ያደርጋሉ፤ አንዳንዴ አበባው ላይ ተንጠልጥለው፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንቃራቸው አጭር ስለሆነ ረጅሙን አበባ ከሥሩ በስተው ማሩን ይወስዳሉ። የአበባ ሥር ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከታየ በአካባቢው የበሳ ወፍ ወይም ነፍሳት አለ ማለት ነው።

ጎጇቸውም ከአብዛኛው ሃሚንግበርድ ይለያል። የሌሎቹ ጎጆ ክፍት ስኒ ሲሆን፣ የሲልፎች ከዛፍ ሽበትና ከቃጫ የተሠራ፣ ጣራ ያለውና በጎን የሚገባበት ድቡልቡል ነው። ከተገኘ መቅረብ አይገባም፤ የምትታቀፈው ሴቷ ብቻ ስለሆነች አንዴ ከተባረረች እንቁላሎቹን የሚያሞቅ ሌላ የለም።

ቀን 4፦ ሚንዶ

ሚንዶ 1,250 ሜትር ላይ ናት፣ በእኛ አነጋገር ወይና ደጋም አትሞላም። እዚህ ሲልፍ ይሳሳል፣ ሌሎች ሃሚንግበርዶች ይበዛሉ። ለንጽጽሩ የምትጠቅመው በአንድ ነገር ነው፦ ራኬትቴይል የተባለውን፣ ጅራቱ ጫፍ ላይ ሁለት ክብ ላባ ያንጠለጠለውን ትንሽ ሃሚንግበርድ በቅርብ ታሳያለች። እግሩ ላይ ያለው ለስላሳ ላባ እዚህ ነጭ ነው። ይህን ጽፎ መያዝ ነው፤ ተራራውን ስንሻገር ይፈለጋል።

ቀን 5፦ መሻገሪያው

ከሚንዶ እስከ ጓንጎ በመኪና አራት ሰዓት ግድም ይወስዳል፣ ኪቶን አቋርጦ። በ12 ሰዓት የተነሳ ሰው ፓፓያክታ ማለፊያን ጉም ሳይሸፍነው ያገኘዋል። ማለፊያው 4,060 ሜትር ግድም ነው። እዚህ ደን የለም፤ ሣርና ድንክ ቁጥቋጦ ብቻ የሞላበት፣ ፓራሞ የሚሉት ውርጭ አገር ነው።

ሁለቱን ሲልፎች የለያቸው ይህ ከፍታ ነው፤ ብርዱ ብቻ ግን አይመስለንም። በአንቲሳና ተራራ አካባቢ ኢኳዶሪያን ሂልስታር የተባለ ሃሚንግበርድ ከ3,500 ሜትር በላይ ይኖራል፣ ይራባልም፤ ቹኪራጉዋ ከተባለው ብርቱካንማ አበባ ይመገባል። ብርዱን የሚችል አካልና እዚያ የሚያብብ አበባ ካለ ሃሚንግበርድ ፓራሞ ላይ ይኖራል። ሲልፍ ግን የእርጥብ ደን ወፍ ነው፤ አበባውም፣ ጎጆ የሚሠራበት የዛፍ ሽበትም ያለው ደኑ ውስጥ ነው። በመኪና ለእኛ የጥቂት ሰዓት መንገድ የሆነው ለእሱ ምግብና መጠለያ የሌለበት አገር ነው። ሁለቱ ወገኖች ተለያይተው የየራሳቸውን መልክ የያዙትም እንዲህ ተከፍለው በመቆየታቸው ነው።

ማለፊያው ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆም አያስፈልግም። ቀስ ብሎ መራመድ፣ የሚያቅለሸልሽ ከሆነ ወዲያው መውረድ ነው። ጓንጎ 2,700 ሜትር ላይ ስለሆነ ከአርባ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አየሩ ይቀላል።

ቀን 6፦ ጓንጎ

የወንዝ ዳር ደን፣ ቀዝቃዛ ጠዋት። መመገቢያዎቹ በጣም የሚጨናነቁት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ነው። ምክንያቱም በብርዳማ ሌሊት ብዙዎቹ የአንዲስ ሃሚንግበርዶች የሰውነታቸውን ሙቀት ጥለው እንደ ደነዘዘ ሆነው ያድራሉ። በፔሩ ተራሮች በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት አንዱ ዝርያ እስከ 3.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ሲወርድ ተለክቷል። ከዚያ ለመንቃት ብዙ ጉልበት ያወጣሉና ጠዋት ተርበው ነው የሚመጡት። መመገቢያ ማታ ባዶ መሆን የሌለበትም ለዚህ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ሞልቶ መገኘት አለበት።

ባለረጅም ጅራቱ ሲልፍ እዚህ በቀላሉ ይገኛል። ወንዱ ከምዕራቡ ጋር በቁመትም በክብደትም ይቀራረባል። ልዩነቱ ያለው የጅራቱ ላይኛ ገጽ ላይ ነው፦ ከሥሩ አረንጓዴ ተነስቶ ወደ ጫፉ ሰማያዊ ይሆናል፤ ወይንጠጁ የምዕራቡን ያህል አይገዛም። ችግሩ ዘንበል ባለ ብርሃን ይህም ወደ ወይንጠጅ የሚያደላ ሰማያዊ መምሰሉ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ አይቶ አለመወሰን ይሻላል። ወፉ ቅርንጫፍ ላይ አርፎ ሲዞር ጅራቱን ከሥር እስከ ጫፍ ተከትሎ ማየት፣ በተለይ ከወገቡ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ። እዚያ ላይ አረንጓዴው ሳይቋረጥ ወደ ጅራቱ ከፈሰሰ የምሥራቁ ነው። የምዕራቡ ግን ነሐስማው ጀርባ አብቅቶ ወይንጠጁ ሲጀምር ጎልቶ ይለያል። የጉሮሮ ነጠብጣብ ላይ መመካት አይገባም፤ በሁለቱም ዝርያ እንደየአካባቢው የሚኖርም የሌለም አለ።

በዚሁ ግቢ ባለሰይፍ ምንቃሩ ሃሚንግበርድ ይመጣል፤ ጅራቱን ሳይጨምር ከገላው የሚረዝም ምንቃር ያለው ብቸኛ ወፍ ነው። ለእሱ ሲባል ሲልፉን መርሳት የብዙ ጎብኚዎች ልማድ ነው። ባለሰይፍ ምንቃሩ በየሃያ ደቂቃውና ከዚያም በላይ ቆይቶ ስለሚመላለስ በመካከሉ ያለው ጊዜ ለሲልፍ ይበቃል።

ቀን 7፦ ኮሳንጋ

ከባኤሳ ወደ ደቡብ፣ ወደ ተና በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ከፍታው 2,000 ሜትር ግድም። የዛሬው ሥራ ሴቷን ከታንዳያፓዋ ጋር ማነጻጸር ነው። የዚህችም አናት ሰማያዊ፣ ጉሮሮዋም ነጠብጣባም ነው። ነገር ግን ነጩ መቀነት ያን ያህል አይጎላም፤ ጉሮሮውና ደረቱ ቀረፋው ውስጥ ቀስ እያለ ይገባል፣ ድንበሩም የታንዳያፓዋን ያህል አይቆረጥም። ሦስትና አራት ሴቶች አይቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፣ እርጥብ ላባ መቀነቱን ይደብቃልና። ከዝናብ በኋላ ወፏ ላባዋን አራግፋ እስክትደርቅ መታገሥ ነው።

ራኬትቴይሉም እዚህ አለ፤ የእግሩ ላባ ብርቱካንማ ነው። ሚንዶ ላይ ነጭ የነበረው ማለት ነው። ያው ተራራ ሌላ ጥንድም እንዲህ ከፍሏል።

ይህ የወዲህና የወዲያ ሕግ የሚሠራው በዚህ የኢኳዶር መስመር ላይ ነው። ወደ ሰሜን፣ ወደ ኮሎምቢያ የሚዘልቅ ሰው ባለረጅም ጅራቱን በምዕራቡ የአንዲስ ሰንሰለትም ከፍ ባለው ቦታ ያገኘዋል፤ እዚያ ተዳፋቱ ብቻ አይበቃም፣ ከፍታና ቀለም ተደምረው ነው የሚወስኑት። ስለዚህ ማስታወሻ ሲያዝ ከስሙ ጋር የትኛው ተዳፋት፣ ስንት ሜትር፣ ወንድ ወይስ ሴት፣ ጅራቱ የታየው ከላይ ነው ወይስ ከታች የሚለውን መጻፍ ያስፈልጋል። ከታች ብቻ የታየ አጭር ጅራት ወፍ «ሲልፍ» ተብሎ ቢቀር ከተሳሳተ ስም ይሻላል።

ወደ ኪቶ መመለሻው በፓፓያክታ በኩል ነው። ከከባድ ዝናብ በኋላ በዚህ ተዳፋት ላይ የመሬት መንሸራተት መንገዱን ይዘጋል፤ የማጽዳቱ ሥራ ሰዓታት ሊፈጅ ስለሚችል በረራ ያለበት ሰው ያንኑ ዕለት ጠዋት ከኮሳንጋ መነሳት የለበትም፣ የመጨረሻዋን ሌሊት ታባቤላ አካባቢ ማደር ይኖርበታል።